ስድስት ወር ያልሞላው ስም

ላስ ቬጋስ ሄጄ አንዲት ሳንቲም ሳልቆምር ተመለስኩ ብል የሠፈሬ ሰው አያምነኝም። የእድራችን ዳኛ እንኳ፣ ያን ያህል ትልቅ ሰው፣ «ሲስተር፣ ያው ትንሽ ትንሽ ሞካክረሻል» ብለው ጠቀሱኝ። ኮልፌ ተቀምጣችሁ ለምትጠይቁኝ ሁሉ አንድ በአንድ ከምመልስ ልጻፈውና ልረፍ ብዬ ነው። ከወዲሁ ግን እንስማማ፤ ስለ መብራቱና ስለ ፏፏቴው የሚተርክላችሁ ከፈለጋችሁ ሌላ ሰው ፈልጉ። እኔ የሄድኩት ለእህቴ ልጅ ነው።

ዕድሜዬን የፈጀሁት በሥነ አእምሮ ነርስነት ነው። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ተማሪዎችም አስተምሬአለሁ። የስኪዞፍሬንያን የምርመራ መስፈርት፣ ማለትም አንድን ሰው ይህ ሕመም አለበት ለማለት ምን ምን መሟላት እንዳለበት፣ ከእንቅልፌ ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁኝ እወጣዋለሁ። ታናሽ እህቴ ማርታ ደግሞ ላስ ቬጋስ ውስጥ ዘ ስትሪፕ በሚሉት ጎዳና ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ክፍል ታጸዳለች። ባሏ ተስፋዬ እዚያው ጎዳና ላይ የእንግዳ መኪና ተቀብሎ ያቆማል። አንድ ልጅ አለቻቸው፣ ሩት፤ እዚያው ተወልዳ ያደገች፣ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የነበረች። ፋሲካ ሰሞን ታመመችና ሆስፒታል ተኛች። ማርታ ስልኩ ላይ ሳግ እየተናነቃት «እትዬ፣ ሐምሌ ላይ ሐኪሙ ዘንድ ትልቅ ቀጠሮ አለን። አንቺ ሙያውን ታውቂዋለሽ፣ አብረሽን ግቢ» አለችኝ። እምቢ የሚል አንጀት ከየት ይመጣል? ቪዛውም በሰላም ወጣ።

ዓርብ ማታ በዶፍ ዝናብ ከቤት ወጣሁ። ጎረቤቶቼ ጃንጥላ ይዘው እስከ ታክሲው ሸኙኝ። እውነቱን ለመናገር አውሮፕላኑ ውስጥ እግሬ አብጦ ጫማዬ እምቢ ስላለኝ አሜሪካን የረገጥኩት በነጠላ ጫማ ነው።

ቅዳሜ፣ አሜሪካ መግቢያው ላይ አንድ ግዙፍ ፈታሽ ሻንጣዬን ከፈተና በሶውን አነሣ። አሸተተው። «ይኼ ምንድን ነው?» አለኝ።

«ገብስ ነው፣ ተቆልቶ የተፈጨ» አልኩት። አላመነኝም። «ውኃ ካለህ አሁኑኑ በጥብጬ ላቅምስህ» ብዬ ብርጭቆ በእጄ ሳሳየው ሳቁን መቆጣጠር አቃተው፤ ሻንጣዬን ራሱ ዘጋልኝ። የኛዎቹ ፈታሾች ቢሆኑ ኖሮ ግማሹን ይቀምሱት ነበር፣ አላማቸውም።

ላስ ቬጋስ ስደርስ መጀመሪያ የተቀበለኝ የቁማር ማሽን ነው። አዎ፣ እዚያው አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ፣ ሰው ገና ሻንጣውን ሳያገኝ! ቀጥሎ ተስፋዬና ሩት መጡ። ሩትን ያየኋት በስልክ ብቻ ነበር። መድኃኒቱ ትንሽ አወፍሯታል፣ እጇም ቀጠን ያለ መንቀጥቀጥ አለው፤ የሙያ ዓይን ክፉ ነው፣ ከመሳሜ በፊት እሱን አየሁ። ከዚያ ግን አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አልለቅ አለችኝ። ውጭ ያለውን ሙቀት አልነግራችሁም። መኪና ውስጥ ቀበቶ ላስር ብዬ ብረቱን ስይዘው መዳፌን ጠበሰኝና «ወይኔ እናቴ!» ብዬ ጮኽኩ።

«ኦ ማይ ጋድ፣ አክስቴ ሶሪ! ጸሐይ ላይ ፓርክ አድርገን ነው» አለች ሩት። ቀዝቃዛ የውኃ ጠርሙስ መዳፌ ላይ ይዛ ቤት እስክንደርስ አልለቀቀችም።

ቤታቸው ምሥራቅ ላስ ቬጋስ ነው፤ ዝቅ ዝቅ ያሉ አሮጌ ቤቶች፣ ግቢያቸው በሣር ፈንታ ጠጠር። ሩት መኝታ ቤቷን ለቃልኝ ሳሎን ልትተኛ ወስናለች፤ ተጣልቼም አላሸነፍኳትም። ውጭው እሳት፣ ውስጡ በማቀዝቀዣው ብዛት ደብረ ብርሃን ነው። ተስፋዬ «እትዬ ብርሃኔ፣ እንዳይበርድዎት» ብሎ ከጓዳ ጋቢ አምጥቶ አለበሰኝ። በረሃ ሄጄ ጋቢ ለበስኩ ብል ማን ያምናል?

ማርታ ሽንኩርት እየከተፈች ነገሩን አስረዳችኝ። ሐኪሙ ለጊዜው የሰጠው ስም ሌላ ነው፤ ስኪዞፍሬንያን የሚመስል፣ ግን ገና ያልሆነ። ምክንያቱም በነሱ መጽሐፍ ሕመሙ ከጀመረ ስድስት ወር መሙላት አለበት። ሩትን የጀመራት ደግሞ ከፋሲካ ወዲህ ነው። ረቡዕ ቀጠሮው ላይ ደህና ሆና ካገኛት መድኃኒቱን ቀስ በቀስ ቀንሶ ያቆምላታል። «ስድስት ወሩ ሳይሞላ መድኃኒቱ ከቆመ ያ ስም አይደርስባትም» አለችኝ። «ቤተ ክርስቲያኑ ሁሉ ጾም ይዞልናል።»

ድካሙ ጥሎኝ ነበርና እሺ እሺ ብዬ ተኛሁ።

እሑድ ቤተ ክርስቲያናቸው ወሰዱኝ። እኔ የማርያም ነኝ፣ ማርታ ግን ከጴንጤዎቹ ጋር ከሆነች ብዙ ዘመኗ ነው። «እትዬ፣ ዛሬ እንኳ አታጉረምርሚ» ብላ አስጠንቅቃኛለች። መጋዘን የመሰለ የኪራይ አዳራሽ ነው። ሰዉ ግን ምን ዓይነት ሰው ነው! አንዱ ወንበር ይስባል፣ አንዷ ልጇን አስነሥታ ታስቀምጠኛለች። የሩትን ሕመም ማንም በስሙ አይጠራውም፤ «የሩት ጉዳይ» ነው የሚሉት። ጸሎት ሲደርስ ፓስተሩ እጁን ዘርግቶ «ጌታ ሆይ፣ ስድስተኛው ወር አይድረስባት!» አለ፣ ሕዝቡም «አሜን!» ብሎ አዳራሹን አናጋው።

ወገኖቼ፣ ይህን መስፈርት ስንት ዓመት አስተማርኩት፣ ሰው እንደ አጋንንት ሲገሥጸው ግን የመጀመሪያዬ ነው። መሳቅም ማልቀስም አማረኝ።

ከአምልኮው በኋላ የመዘምራኑ መሪ አስቴር ዳቦና ሻይ ይዛልኝ መጣች። ደግ፣ ወሬኛ፣ የተባረከች ሴት ናት። «ሩትዬ እንዴት ናፍቃናለች መሰለሽ» አለችኝ። «ያንን የመሰለ ድምፅ ይዛ፣ ካለፈው ዓመት ሰመር ጀምሮ ኳየር አልመጣችም እኮ። ከሰው ሁሉ ሸሸች።»

ያለፈው ዓመት ሰመር ማለት ያለፈው ዓመት ክረምት ነው። ከፋሲካ ጋር ምን አገናኘው?

ሰኞ ማርታን ከሥራ ልቀበላት ብዬ ተስፋዬ ሆቴሉ በር ላይ ጣለኝ። በኋላ በር በኩል ጠብቂኝ ብላኝ ነበር፣ እኔ በፊት በር ገባሁ። ያ ነው ጥፋቴ። ምንጣፍ፣ ማሽን፣ ጩኸት፣ እንደገና ምንጣፍ። መስኮት የለ፣ ሰዓት የለ። እኛ አገር የጠፋ ሰው ቢያንስ ጸሐይ አይቶ አቅጣጫ ያውቃል። ስዞር ስዞር አንድ የካርታ ጠረጴዛ አጠገብ ሦስተኛ ጊዜ ሳልፍ፣ ካርታ የምታድለው ልጅ አንገቷን ቀና አድርጋ በአማርኛ «እናቴ፣ ማንን ፈልገው ነው?» አለችኝ። እንባዬ መጣ ብላችሁስ? እረፍቷ ደርሶ ነበርና ክንዴን ይዛ፣ ውኃ ገዝታልኝ፣ በሠራተኞች በር አውጥታ ማርታ እጅ አስረከበችኝ። ስሟን እንኳ ሳልጠይቃት ወደ ሥራዋ ሮጠች።

መኪናዋን ከማስነሣቷ በፊት ማርታ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ታሻሻለች፤ እጇ በረኪና በረኪና ይሸታል። አዘንኩላት፣ ግን ሆዴ ነገር አይቋጥርም። «ማርታ፣ ልጅቷን የጀመራት መቼ ነው?» አልኳት።

እግሯን ማሸት ተወች። «አስቴር ናት አይደል?» አለች። «እትዬ፣ ቀን ነው እኮ። ለወረቀት ያልተገፋ ቀን አለ? ተስፋዬ አሜሪካ ሲገባ ጃንዋሪ አንድ ተወለደ ተብሎ ተጻፈ፣ ይኸው እየኖረ ነው። አንቺስ ለሥራ ብለሽ ዕድሜሽን አልቀነስሽም?»

ቀንሻለሁ። ማን ያልቀነሰ አለ? እኛ ሰዎች ወረቀት ሲጠይቀን ቀኑን ትንሽ ገፋ፣ ትንሽ ሳብ አድርገን ነው የምንሰጠው፤ ማርታም የሕመሙን ልደት ገፋችው። «ረቡዕ ሲጠይቁሽ አንቺም ከፋሲካ ወዲህ በይ» አለችኝ። እኔ ምላሴ የማይታጠፈው ሴትዮ «እናያለን» ብዬ አለፍኩት።

ማክሰኞ ሩት «አክስቴ፣ ከቤት እንውጣ» ብላ አርትስ ዲስትሪክት የሚሉት የሠዓሊዎች ሠፈር ወሰደችኝ። ግድግዳው ሁሉ ሥዕል ነው፤ እንደኛ ፒያሳ አሮጌ ቤት ይበዛል፣ ልዩነቱ እነሱ አሮጌውን ቀለም ቀብተው ያስወድዱታል። ጥላ ያለው ቦታ ተቀምጠን የሐብሐብ ጭማቂ አዘዘችልኝ። ከዚያ ድንገት «አንቺ ታውቂያለሽ አይደል? ይሄ ስም ከየት መጣ? ልክ እንደ ስቶሪ ንገሪኝ» አለችኝ። እርስዎና አንቺን እያቀላቀለች ነው የምታወራው፣ እኔም ወድጄላታለሁ።

ነገርኳት። «ከመቶ ዓመት በፊት አንድ ጀርመናዊ ሐኪም ነበር። በሽተኞቹን ዓመታት ተከታትሎ መጨረሻቸውን ያያል። ‹እነዚህ በወጣትነት ታመው እየደከሙ የሚሄዱ ናቸው› ብሎ ብዙውን ሕመም በአንድ ስም ሰበሰበው፤ ያለ ዕድሜ የሚመጣ የአእምሮ መዳከም አለው።»

«ዋው። ዛትስ ሆሪብል።»

«ቆይ! ከእሱ በኋላ አንድ የስዊስ ሐኪም መጣና ‹የለም፣ ሁሉም በወጣትነት አይታመሙም፣ ሁሉም ደክመው አይቀሩም› አለ። እሱ መጨረሻውን ትቶ ውስጡን አየ። ሐሳብና ስሜት ሲለያይ አይቶ ስኪዞፍሬንያ አለው፣ የተሰነጠቀ አእምሮ እንደማለት። ሁለት ሰው መሆን አይደለም፤ ሰው እንደዚያ ይመስለዋል። የእሱ መስፈርት ግን ሰፊ ነበር፣ ብዙ ሰው ይገባበታል። ቀጥሎ ሌላ ጀርመናዊ ‹ምልክቱን ለይተን እንወቅ› ብሎ አንዳንድ ድምፆችን መረጠ። ለምሳሌ ሁለት ድምፅ ስለ አንቺ እርስ በርስ ሲያወሩ፣ የምታደርጊውን እየተከተሉ ሲናገሩ።»

ሩት ብርጭቆዋን አስቀመጠች። «ዛት ኢዝ ማይን» አለች። «የኔ እንደዛ ናቸው። አንድ ወንድ፣ አንድ ሴት። ‹ተነሣች፣ በሩን ከፈተች፣ ሰው ሁሉ ይጠላታል።› ሁልጊዜ ይዋሻሉ።»

«በምን ቋንቋ?»

«ኢንግሊሽ! አማርኛ አይችሉም» አለችና ሁለታችንም ሳቅ ፈነቀለን። ያን ቀን ምን ያህል እንደወደድኳት እግዜር ይወቅ። አሁን መድኃኒቱ አድክሟቸው የጎረቤት ቲቪ ያህል ብቻ እንደሚሰሟት ነገረችኝ።

የቀረውን ጨረስኩላት። አሜሪካ ስሙን ለብዙ ሰው ስትሰጥ እንግሊዝ ትቆጥብ ስለነበር አንዱ በሽተኛ ባሕር ሲሻገር ስሙ ይለወጥ እንደነበር፣ በዚህ አፍረው አሜሪካኖቹ ምልክት ቆጥረው፣ ስድስት ወር የሚል አጥር እንዳበጁ፣ በቅርቡ መጽሐፋቸው ደግሞ የነዚያን ድምፆች ልዩ ክብር እንዳነሡ፣ እኛ አገርም የሚሠራበት የዓለም አቀፉ መጽሐፍ ግን አንድ ወር እንደሚበቃው።

«ሶ፣ ኢትዮጵያ ብታመም ስሙን ድሮ አገኝ ነበር?»

«ሳታገኚው አትቀሪም ነበር።»

ትንሽ አሰበች። «አክስቴ፣ እኔን የጀመረኝ ባለፈው ሰመር ነው። ማሚ ለዶክተሩ ኢስተር፣ ማለቴ ፋሲካ፣ ስትለው ሰማሁ፣ ግን ማሚን ውሸታም ማድረግ አልፈለግሁም። መድኃኒቱን ካቆመው ተመልሰው ይጮሃሉ። እኔ በመስከረም ትምህርት መመለስ ነው የምፈልገው። ስሙ ግድ የለኝም።»

ጭማቂዬን ሳልጨርስ «ተነሺ፣ ቤት እንሂድ» አልኳት።

ከሰዓት በኋላ ማርታ ለሥራ ስትለባብስ ያዝኳት። ልጅቷ ሐኪሙ ፊት እናቷን ላለማሳፈር ብላ መድኃኒቷን ልታጣ መሆኑን ነገርኳት። ፊቷ ተለዋወጠ። «ልጄ ላይ ስም ልትለጥፊባት ነው ባሕር አቋርጠሽ የመጣሽው?» አለችኝ።

«ስሙን እነዚያ ሰዎች ስንቴ ቀየሩት!» አልኳት፣ እኔም ጮኽኩ። «ደግመው ሲያዩ ተሳስተን ነበር እያሉ። ስድስት ወሩም ሰው በችኮላ ስም እንዳይወጣለት የታጠረ አጥር ነው እንጂ የሞት ቀጠሮ አይደለም! ግን ካልነገርሽው ምኑን ያየዋል? መድኃኒቱን የሚያቆመው ባልሆነ ቀን ላይ ተመሥርቶ ነው!»

በሩን ወርውራው ወጣች። ልጅ ሆነንም እንደዚሁ ነበረች፣ ስትሸነፍ በር ነው የምትመታው። ግን መሸነፏ ይሁን መቀየሟ አልገባኝም፣ ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ።

ረቡዕ ጠዋት ተስፋዬ ምስር ወጥ ሠርቶ ጠበቀኝ። «እትዬ፣ እኛ ብንተውም እርስዎ ረቡዕን እንደሚጾሙ አውቃለሁ» አለኝ። የሌሊት ሺፍት ሠርቶ ሳይተኛ! እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንደማልቀምስ ልነግረው አንጀቴ አልቻለም። ማርያም ይቅር ትበለኝ፣ በላሁለት።

ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ካልሲው ላይ ዳክዬዎች አሉ። እኛ አገር ሐኪም እንዲህ ቢለብስ በሽተኛው ራሱ ይመክረዋል። ግን ኮምፒዩተሩን ወደ ጎን ገፍቶ ሩትን ፊት ለፊት ሲያያት ወደድኩት። ደህና መሆኗን አይቶ መድኃኒቱን ስለ መቀነስ ጀመረ። ከዚያ «ለማረጋገጥ ያህል፣ መጀመሪያ ለውጥ ያያችሁት መቼ ነው?» አለ።

እኔ ከንፈሬን ነክሼ ማርታን አየሁ። ሩት መሬት መሬት ታያለች። ማርታ በእንግሊዝኛ «አፍተር ኢስተር» ብላ ጀመረችና ቆመች። ቦርሳዋን ጨምድዳ ይዛዋለች። ቀጥሎ በአማርኛ «በእንግሊዝኛ አልችለውም» አለች። ሐኪሙ በስልክ አስተርጓሚ ልጥራ ቢል ሩት «አይ ጋት ኢት» አለችው፣ እኔ እተረጉማለሁ ማለቷ ነው። እናትየዋ ትናገራለች፣ ልጅቷ ስለ ራሷ የተባለውን ትተረጉማለች።

«ባለፈው ሰመር ነው» አለች ማርታ። «ከኳየር ልምምድ በመኪና ስንመለስ ‹ማሚ፣ ራዲዮውን ዝጊው› አለችኝ። ራዲዮው ዝግ ነበር። ዝግ መሆኑን እያወቅሁ እጄን ሰድጄ የዘጋሁ አስመሰልኩ። ‹ታንክ ዩ፣ ማሚ› አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ ዘጋሁላት።»

ሩት ግማሹን ተርጉማ ቆመች። ወደ እናቷ ዞረች። «ማሚ፣ ዝግ ነበር?»

«ዝግ ነበር፣ የኔ ልጅ።»

«ኦል ዛት ታይም?»

«ሁልጊዜም።»

ሩት የእናቷን እጅ ያዘችና የቀረውን ለሐኪሙ ተረጎመችለት። እኔ ስንት ቤተሰብ አስለቅሼ ያጽናናሁ ነርስ፣ መሐረብ ለምኜ አፈርኩ። ሐኪሙ አልተቆጣም፤ አመሰገናት። ስሙን ተናገረው፣ ስኪዞፍሬንያ፤ ጣራው አልወደቀም። መድኃኒቱ አይቀነስም አለ። ትምህርቱንም በጥቂት ኮርስ መጀመር ትችላለች አለ። ሩት ሌላውን ሁሉ ትታ «ሴፕቴምበር?» አለችው። «ሴፕቴምበር» አላት።

መኪናው ጋ ስንደርስ ማርታ ቁልፉን እንደያዘች ቆመች። «እትዬ፣ ለካ ስድስተኛው ወር ድሮ አልፎ ነበር» አለች። «ያለፈውም ገና ሳንጾምለት ነው። አልገደለንም።» ከዚያ ሳቀች፣ ከዚያ ተንሰቅስቃ አለቀሰች። አቅፌ ያዝኳት። ሁለታችንም ፀሐይ ላይ መሆናችንን የረሳነው ሩት «ጋይስ፣ ልትቃጠሉ ነው!» ብላ እስክትጮህብን ነው።

ሐሙስ አስቴር በየቤቱ ዞራ ያሰባሰበችው ስንቅ መጣ፤ ስድስተኛውን ወር የገሠጹት ሰዎች ዳቦና ኩኪስ ጋግረው ለሠፈሬ ልጆች ላኩ። ማርታ ለአስቴር ስሙን በሙሉ አፏ ነገረቻት። አስቴር ሰማችና «እና ኳየር መምጣት ትችላለች?» ብላ ጠየቀች። እኔ ጴንጤ ባልሆንም ያን ጊዜ አሜን አልኩ።

ዓርብ ሩት ናት የሸኘችኝ፤ አባቷ ይነዳል፣ እሷ ሻንጣዬን ትጎትታለች። አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ እነዚያ የቁማር ማሽኖች አጠገብ ደርሰን ተሳሳምን። እኔ ፊቴን አዙሬ ከቦርሳዬ ፓስፖርት የምፈልግ አስመሰልኩ፤ እንባዬን ልጅቷ እንዳታይብኝ። ሩት አንገቷን ዘንበል አድርጋ ጥቂት አዳመጠች።

«አክስቴ» አለችኝ በለሆሳስ፣ «እነዛ ሁለቱ ‹አክስቷ እያለቀሰች ነው› ይላሉ።»

«በያቸው» አልኳት አፍንጫዬን እየጠረግሁ፣ «ዛሬ ገና እውነት ተናገሩ።»